አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር

ሰርቨር ውስጥ ያለ ተራ ፕሮሰሰር በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ ይመታል። ቁጥሩን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል፤ በልቡ የሚጨብጠው ሰው ግን ማግኘት ይቸግራል። እስቲ ሰዓቱን እንለጥጠውና አንዱ ምት አንድ ሙሉ ሰከንድ ይፍጅ እንበል፤ አንድ ጸሐፊ በየሰከንዱ አንድ ማኅተም እንደሚመታ ያህል። ያን ጊዜ 1 ሚሊሰከንድ 35 ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓታት ይቀሩታል። በ50 ሚሊሰከንድ መልስ የሚሰጥ ኤፒአይ፣ ፕሮግራመሮች «ፈጣን ነው» ብለን የምናልፈው፣ አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ይፈጃል።

ኤፒአይ ስልካችን ላይ ያለው መተግበሪያ ከሩቁ ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት መስኮት ነው። ሒሳባችንን ለማየት ጣታችንን ስናሳርፍ ጥያቄው በዚያ መስኮት ይገባል፣ መልሱም በዚያው ይወጣል። ታዲያ ጸሐፊው ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ? አብዛኛውን ጊዜ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር። ከጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው ከራም አንድ መረጃ እስኪመጣለት 100 ናኖሰከንድ ያህል፣ በእኛ ልጥጥ ሰዓት 5 ደቂቃ ጠበቀ። ከቋሚ ማከማቻው ከኤስኤስዲ እስኪነበብለት ደግሞ 100 ማይክሮሰከንድ ያህል፣ ማለትም ሦስት ቀን ተኩል። የቀረውን ዓመት ዳታቤዙ ይውሰደው ወይስ ሌላ ሰርቨር፣ ካልለካነው በስተቀር የምናውቅበት መንገድ የለም።

መለካቱ ራሱ ቀላል ነው። ጥያቄው ሲገባ ሰዓት ይታያል፣ ሲወጣ እንደገና ይታያል፣ ልዩነቱ ይመዘገባል። «መለኪያው ሥራውን አያዘገይብንም ወይ?» ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው፤ ስጋታቸውም ከቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ሰዓት አይቶ ቆጣሪ ላይ አንድ መጨመር ብዙውን ጊዜ ከ200 ናኖሰከንድ አይዘልም። ጸሐፊያችን ከአራት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ላይ 10 ደቂቃ ሰጠ ማለት ነው።

ከባዱ ነገር የተለካውን ማንበብ ነው። ከ1,000 ጥያቄዎች 990ዎቹ በ40 ሚሊሰከንድ፣ 10ሩ ደግሞ በ8 ሰከንድ ተመለሱ እንበል። አማካዩ 120 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመጣል። ከሺው ሰው መካከል 120 ሚሊሰከንድ የጠበቀ አንድም የለም! አማካዩ ማንም ያልኖረበትን ጊዜ ይነግረናል፤ 8 ሰከንድ የጠበቁትን ግን ይውጣቸዋል። በልጥጡ ሰዓት 8 ሰከንድ 760 ዓመት ነው። አፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 እ.ኤ.አ. ከነገሡ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለው ዘመን ከዚህ ጥቂት ያንሳል። እኔ አማካይን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ ሳይ የሚያሳዝነኝ በዚህ ምክንያት ነው። በቀን 2 ሚሊዮን ጥያቄ በሚያስተናግድ መተግበሪያ ያ አንድ በመቶ 20,000 ጊዜ ይደርሳል፤ ሰዎች በአንድ ቀን በድምሩ ከ44 ሰዓት በላይ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች «ፒ 99» የሚሉትን የሚጠይቁት፤ ከመቶ ጥያቄ 99ኙ በስንት ጊዜ ውስጥ ተመለሱ? ቀሪው አንዱ ኢምንት ይመስላል፣ አይደለም። የጉግል መሐንዲሶች ጄፍ ዲንና ሉዊስ ባሮሶ በ2013 ባወጡት ጽሑፍ አስልተው አሳይተዋል። እያንዳንዱ ሰርቨር ከመቶ አንዴ ብቻ ከ1 ሰከንድ በላይ ቢዘገይ፣ አንድ ጥያቄም የ100 ሰርቨሮችን መልስ ሰብስቦ የሚመለስ ቢሆን፣ ከ100 ተጠቃሚዎች 63ቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ይጠብቃሉ። ያን ያህል ትልቅ መሆንም አያስፈልግም፤ ሲከፈት 20 ኤፒአይ የሚጠራ አንድ ገጽ ብቻ ቢሆን እንኳ ከአምስት ሰው ወደ አንድ የሚጠጋው የዘገየውን ያገኛል።

ይህን ሁሉ ለመያዝ የእያንዳንዱን ጥያቄ ጊዜ ማከማቸት ግድ የሚል ይመስላል። ግድ አይልም፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም እዚህ ላይ ነው። በ2012 በሙዚቃ ኩባንያው ሳውንድክላውድ ውስጥ የተጀመረው ፕሮሜቴየስ የተባለ መሣሪያ፣ ለጎ ቋንቋ በተዘጋጀው ላይብረሪው፣ ጥያቄዎች በፈጁት ጊዜ ልክ የሚቆጠሩባቸው፣ ከ5 ሚሊሰከንድ እስከ 10 ሰከንድ የተደረደሩ 11 ባልዲዎች ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለዘገየ አንድ ተጨማሪ፣ ለጠቅላላ ብዛትና ለጠቅላላ ጊዜ ሁለት ቆጣሪዎች፤ በድምሩ 14 ቁጥር። ሁለት ሺህ ጥያቄ ይምጣ ሁለት ቢሊዮን፣ ያው 14 ናቸው። ፒ 99ም ከነዚሁ ተገምቶ ይወጣል።

50 ኤፒአይ፣ ለእያንዳንዱ 5 ዓይነት የመልስ ኮድ፣ 10 ሰርቨር ቢኖረን 35,000 ቁጥር እንይዛለን። በየ15 ሰከንዱ ሲነበቡ በቀን 201,600,000 ንባብ ይሆናል። እያንዳንዱ 16 ባይት ቢይዝ ከ3 ጊጋባይት ያልፋል። የፌስቡክ መሐንዲሶች በ2015 ጎሪላ በተባለው ሥራቸው ያንን 16 ባይት በአማካይ ወደ 1.37 አወረዱት፤ ዘዴያቸው አዲሱን ቁጥር እንዳለ ከመጻፍ ይልቅ ካለፈው የተለየበትን ብቻ መጻፍ ነው። የቀኑ ሙሉ መዝገብ 276 ሜጋባይት ላይ ያርፋል።

አሁን አንድ ትጉህ ፕሮግራመር መጥቶ «የደንበኛውንም መለያ ቁጥር እንጨምርበት» ይላል። አንድ መስመር ኮድ ነው። ደንበኞቹ 100,000 ቢሆኑና ሁሉም ሁሉንም ቢነኩ፣ 35,000ው 3.5 ቢሊዮን ይሆናል፣ የቀኑ መዝገብም በጎሪላ ዘዴ ተጨምቆ እንኳ 27 ቴራባይት ያልፋል። ያን መስመር ለማንም አልመክርም። የአንድን ደንበኛ ጉዳይ ለመከታተል የሎግ ፋይል አለ፤ ቆጣሪ የተሠራው ለብዙኃኑ ነው።

የሰርቨሩ ሰዓት የማያየው ነገርም አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ የነበሩት ግሬስ ሆፐር ለአድማጮቻቸው 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ ያድሉ ነበር፤ ብርሃን በ1 ናኖሰከንድ ከዚያ በላይ እንደማይሄድ በእጃቸው እንዲይዙት። በፋይበር ውስጥ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከዚያ በአየር መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። አዲስ ግንኙነት ሲከፈት አንድ ደርሶ መልስ ለመተዋወቅ፣ አንድ ለምስጠራ ቁልፍ፣ አንድ ለጥያቄው ራሱ ይሄዳል፤ 150 ሚሊሰከንድ። የሰርቨሩ የራሱ 50 ሚሊሰከንድ ሲጨመርበት፣ አዲስ አበባ ላይ ስልኩን የያዘው ሰው በልጥጡ ሰዓት 19 ዓመት ጠብቋል። ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨር በግራፉ ላይ የሚጽፍለት ግን አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነው።