ያውቁ ኖሯል? ሌሊቱን በባሕር ላይ የምታድር ጀልባ

አንዲት ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ከየብስ ርቃ ሌሊቱን በባሕር ላይ ለማደር ስትነሣ፣ ከስንቋ አስቀድሞ መብራቶቿ ሊመረመሩ እንደሚገባ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ እንደሚያዝዘው፣ በግራዋ ቀይ፣ በቀኝዋ አረንጓዴ፣ በኋላዋ ነጭ መብራት ታበራለች፤ ርዝመቷ ከ20 ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ ግን ሦስቱን በአንድ ፋኖስ አዋሕዳ በምሰሶዋ ጫፍ ላይ ልትሰቅል ተፈቅዶላታል፤ ይህም የአንድ ታላቅ መርከብ ዘበኛ፣ በጽልመት መካከል ቀለሙን ብቻ አይቶ፣ ታናሺቱ ወዴት እንደምታቀና ይለይ ዘንድ ነው። ሞተሯን ካስነሣች ግን ያ የምሰሶ ፋኖስ ጠፍቶ ለሞተር ጀልባ የተደነገጉት መብራቶች ሊበሩ ግድ ነው።

ከመብራቱ ቀጥሎ የሚነሣው የእንቅልፍ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1895 እስከ 1898 ስፕሬይ በተባለች፣ 11 ሜትር ገደማ በምትረዝም ጀልባው ዓለምን ብቻውን የዞረው ጆሹዋ ስሎከም፣ መሪውን በገመድ አስሮ፣ ጀልባይቱ አቅጣጫዋን ጠብቃ ስትሄድ እርሱ ይተኛ ነበር፤ ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ባልንጀራ ያላቸው መርከበኞች ግን ሌሊቱን በተራ በተራ ይተጋሉ፤ ከፊት እስከ ኋላ በተዘረጋ ጠንካራ ገመድ ላይም የደኅንነት ማሰሪያቸውን ይቈልፋሉ፤ በጨለማ ከጀልባ የወደቀን ሰው በማዕበል መካከል ፈልጎ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነውና። ስለዚህ ገመዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘርጋ።