ታርጋ ምን ይናገራል? የተሽከርካሪ መለያ ሰሌዳ ዓይነትና ትርጉም ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ

መግቢያ

በአንዳንድ አገሮች የሰሌዳ ቁጥር የጌጥ ያህል ይመረጣል። በ2015 ዓ.ም. ዱባይ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ አንዲት ፊደልና አንድ አኃዝ ብቻ ያለበት ሰሌዳ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሽጧል። በኢትዮጵያ ግን ባለንብረቱ የሰሌዳውን መልክ በፍላጎቱ የሚመርጥበት ልማድ አልነበረም፤ መልኩን የሚወስኑት የተሽከርካሪው አገልግሎትና የተመዘገበበት ቦታ ናቸው። በዚህም ምክንያት በዘልማድ «ታርጋ» የሚባለው ሰሌዳ (ቃሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው) ከቁጥር በላይ የሆነ መረጃ ይሸከማል። ይህ ጽሑፍ የሰሌዳውን አሠራር ካብራራ በኋላ፣ ጽሑፉ የሚናገረውና አንባቢው የሚረዳው የሚለያዩበትን ነጥብ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ አንጻር ይመረምራል።

ሰሌዳው እንዴት ይነበባል?

የተሽከርካሪ ምዝገባ የሚመራው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ለበርካታ ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው ሥርዓት አንድ ሰሌዳ ሦስት ነገሮችን ይነግራል። የመጀመሪያው አገልግሎት ሲሆን በኮድና በቀለም ይገለጻል፤ ኮድ 1 ቀይ ለታክሲ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ ለግል፣ ኮድ 3 አረንጓዴ ለንግድ፣ ኮድ 4 ጥቁር ለመንግሥት፣ ኮድ 5 ብርቱካናማ ለሃይማኖትና ለሲቪክ ድርጅቶች ነው። ዲፕሎማቶች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና ፖሊስ የየራሳቸው ሰሌዳ አላቸው። ሁለተኛው የተመዘገበበት ቦታ ነው፤ «አማ» አማራ ክልልን፣ «አአ» አዲስ አበባን፣ «ኦሮ» ኦሮሚያን ሲያመለክቱ፣ «ኢት» በፌዴራል ደረጃ የተመዘገበውን ያመለክታል። ሦስተኛው መለያ ቁጥሩ ነው። አምስት አኃዝ ከ99,999 በላይ መቁጠር ስለማይችል፣ የአዲስ አበባ ተሽከርካሪዎች ሲበዙ በቁጥሩ ፊት የላቲን ፊደል ተጨምሯል።

የባለንብረቱ እውነተኛ ምርጫ

ባለንብረቱ የሚመርጠው ነገር ቢኖር ተሽከርካሪውን ለምን ሥራ እንደሚያውለው ነው። ለምሳሌ በገንዳ ውሃ አንድ የሰሊጥ አምራች ፒክአፕ ቢገዛ፣ በግሉ ስም ለግል አገልግሎት ካስመዘገበው ኮድ 2፣ በንግድ ድርጅቱ ስም ካስመዘገበው ደግሞ ኮድ 3 ይሆናል። ልዩነቱ የቀለም ብቻ አይደለም። ለኢንቨስትመንት በቀረጥ ነጻ መብት የገባ ተሽከርካሪ ይህ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ የቀረጥና የታክስ ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ ገዥ የሞተሩን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ሊብሬውን ማየቱ የተገባ ነው።

ኮዱ ኪስንም ይነካል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ተጠቃሚ የተደረጉት የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ነበሩ። በኮድ 3 የሚሠራ አውቶቡስ በድጎማው ሲታቀፍ፣ ያንኑ አረንጓዴ ሰሌዳ የለጠፈ የጭነት መኪና አልታቀፈም። ይህም የሚያሳየው ኮዱ የአገልግሎቱን ጥቅል ዘርፍ እንጂ ዝርዝሩን እንደማይናገር ነው።

የምዝገባ ቦታና የሰው ማንነት

ከሦስቱ መረጃዎች አከራካሪው የክልሉ ምልክት ነው። «አማ» የሚለው ጽሑፍ መኪናው በአማራ ክልል መመዝገቡን ከመግለጽ አያልፍም፤ የአሽከርካሪውን ትውልድ፣ ቋንቋም ሆነ አቋም አይገልጽም። የመተማ ተወላጅ አዲስ አበባ መኪና ቢያስመዘግብ ሰሌዳው «አአ» ይላል፤ ከሌላ ክልል መጥቶ በገንዳ ውሃ የሚነግድ ሰው ደግሞ «አማ» ይለጥፋል። ይሁን እንጂ መንገድ ላይ ያለ ተመልካች ሊብሬ አያገላብጥም፤ በዓይኑ የሚያየው ሁለቱን ፊደላት ነው። ግጭት በበረታባቸው ዓመታት እነዚህ ፊደላት የአሽከርካሪው ማንነት ማስረጃ ሆነው ሲነበቡ ለአስተዳደር የታሰበው ምልክት ለሕይወት አስጊ ሆነ። ጭነቱን ይዞ ከክልል ክልል የሚሻገር አሽከርካሪ ሰሌዳውን አውልቆ መሄድ አይችልም፤ ሕግ ይከለክለዋልና።

ምልክቱ ሌላም ድክመት አለው፤ የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ አብሮት አይለወጥም። የቀድሞው የደቡብ ክልል በተከታታይ ተከፋፍሎ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ስሙ ከክልሎች ዝርዝር ሲወጣ፣ «ደሕ» የሚል ሰሌዳ የለጠፉ መኪኖች ግን መንገድ ላይ ነበሩ። በአንጻሩ ሰሜን ጎንደር ተከፍሎ ምዕራብ ጎንደር ራሱን የቻለ ዞን፣ ገንዳ ውሃም ዋና ከተማው ስትሆን በሰሌዳ ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም፤ ሰሌዳው ዞንን አይገልጽምና።

ሰሌዳ በድንበር ላይ

ከገንዳ ውሃ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗን ጋላባት ያገኛል። በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወደቁበት በዚህ ስፍራ ዛሬ ሁለት የጽሕፈት ሥርዓቶች ይገናኛሉ፤ ከወዲህ የግዕዝ ፊደል፣ ከወዲያ የዐረብኛ። ለማዶው ተቆጣጣሪ «አማ» ወይም «አአ» ብዙም ትርጉም የለውም። እርሱ የሚፈልገው የአገሩን ስም፣ ቁጥሩንና እንደ ኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያለ፣ በሌላ አገር ለሚደርስ ጉዳት ዋስትና የሚሆን የመድን ሰነድ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በመተማ በኩል በርካታ ስደተኞች ስለገቡ፣ የየትኛው ተሽከርካሪ ባለቤት ማን እንደሆነ በፍጥነት መለየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

አዲሱ ሰሌዳና የሚነሣው ጥያቄ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በ2017 ዓ.ም. የክልልና የከተማ መስተዳድር መጠሪያን አስቀርቶ አገራዊ መለያን የሚጠቀም አዲስ ሰሌዳ እንደሚተገበር አስታውቋል። ለውጡ ከላይ የተነሡትን ሁለት ድክመቶች በቀጥታ ይመልሳል፤ አሽከርካሪውን በፊደል ከመፈረጅ ያድናል፤ ክልል በተከፈለ ቁጥርም ሰሌዳ ጊዜው አያልፍበትም።

ነገር ግን ከሰሌዳው ላይ የተነሣ መረጃ ሌላ ቦታ መገኘት አለበት። ቀድሞ የትራፊክ ፖሊስ ፊደሉን አይቶ ፋይሉ በየትኛው ክልል እንደሚገኝ ያውቅ ነበር፤ አሁን ይህን የሚነግረው የተማከለ የመረጃ ቋት ይሆናል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ መቆየቱ ሲታሰብ፣ መረጃው በመስመር ላይ ብቻ የሚገኝ ከሆነ በቆላው ኬላ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ የሚያየው ባዶ ቁጥር ነው።

ማጠቃለያ

ታርጋ አጭር የአስተዳደር ሰነድ ነው። ኮዱ ሥራን፣ ፊደሉ የምዝገባ ቦታን፣ ቁጥሩ መኪናን እንዲለይ ታስቦ ተሠርቷል፤ ችግሩ የተፈጠረው ስለ መኪናው የተጻፈው ስለ ሰው እንደተጻፈ ሲነበብ ነው። የክልል ፊደልን ማንሣት ይህን ስሕተት ከምንጩ ያደርቀዋል። የለውጡ ስኬት የሚለካው ግን ከጎንደር እስከ መተማ ዮሐንስ ባሉት ኬላዎች ኔትወርክ በሌለበት ሰዓትም ቁጥሩን ከባለንብረቱ ጋር ማገናኘት በመቻሉ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ቅያሪ ጎን ለጎን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የማረጋገጫ ዘዴ ሊታሰብበት ይገባል።