5 ቀን ወይስ 60? የስቴሮይድ ቅያሬና የተጫዋቹ ዕጣ

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷና ዝናቧ የማይቀለድበት ከተማ ናት። አስም ያለበት ኳስ ተጫዋች በእንዲህ ያለ ብርድ ማለዳ ልምምድ ሲወጣ ደረቱ ቢያፍነው አይገርምም። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዳንግላ ከፍታዋ ዝቅ ይበል እንጂ ጉልበት እዚያም ይጋጫል፣ ያብጣል። ለአስሙም ለጉልበቱም ክሊኒክ ሲኬድ ሐኪም ሊያዝዛቸው ከሚችሉት መድኃኒቶች መካከል አንድ ቤተሰብ አለ፤ ስቴሮይድ።

የስፖርት አፍቃሪው ስቴሮይድ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እ.ኤ.አ በ1988 ሴኡል ላይ የ100 ሜትር ወርቁን የተነጠቀው ካናዳዊው ቤን ጆንሰን ነው። እርሱን ጉድ ያደረገው ስታኖዞሎል ግን ጡንቻ የሚያፈረጥመው አናቦሊክ ስቴሮይድ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ ለአስምና ለእብጠት የሚታዘዙት ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ሃይድሮኮርቲሶንና ትሪያምሲኖሎን የሌላ ጎራ ናቸው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩትን ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን መስለው እብጠትን ያበርዳሉ። ጡንቻ አያፈረጥሙም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰዱ ጡንቻ ያሳሳሉ። ይሁንና ሕመምን እየሸፈኑ ተጫዋቹን ሊያስሮጡት ስለሚችሉ፣ በአፍ ወይም በመርፌ ከተወሰዱ በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው ቅያሬ ሲደረግ ነው። የታዘዘው መድኃኒት ከመደብር ሊጠፋ ይችላል፣ ለሕመምተኛው ላይስማማው ይችላል፣ ሐኪሙም በሌላ ምክንያት አንዱን ስቴሮይድ አስወጥቶ ሌላውን ሊያስገባ ይችላል። ታዲያ ቅያሬው ሚሊ ግራም በሚሊ ግራም አይደለም። የ5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎንን ሥራ 0.75 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታሶን ይሠራዋል። በሃይድሮኮርቲሶን ይተካ ከተባለ ደግሞ 20 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። የሚቆዩበትም ሰዓት ይለያያል። ሃይድሮኮርቲሶን ግማሽ ቀን ያህል ሠርቶ ሲደክም ዴክሳሜታሶን ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ይዘልቃል።

ለተጫዋች ግን ከሁሉም የሚያሳስበው ሌላ ሰዓት ነው። የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ (ዋዳ) ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ የእነዚህን መድኃኒቶች መርፌ በሙሉ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋውንም ጨምሮ፣ በውድድር ወቅት አግዷል። ከሰውነት እስኪወጡ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚገባም ኤጀንሲው አብሮ አስታውቋል። ጡንቻ ላይ የሚወጋ ዴክሳሜታሶን ወይም ቤታሜታሶን 5 ቀን፣ ፕሬድኒሶሎን 10 ቀን፣ ትሪያምሲኖሎን ግን 60 ቀን! ጉልበት ውስጥ ሲወጋ አብዛኞቹ 3 ቀን፣ ፕሬድኒሶሎንና ትሪያምሲኖሎን 10 ቀን ይጠብቃሉ። የፕሬድኒሶሎን ክኒን ደግሞ 3 ቀን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የዳንግላ ተጫዋች ሰኞ ጠዋት ዳሌው ላይ ዴክሳሜታሶን ተወጋ እንበል። እሑድ ጨዋታ አለው። ውድድር የሚባለው ጊዜ ከጨዋታው ዋዜማ ከምሽቱ 5፡59 ጀምሮ ስለሚቆጠር 5 ቀኑ አልፏል፤ መጫወት ይችላል። ያው ልጅ ዴክሳሜታሶኑ ጠፍቶ «ያው ነው፣ ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው» ተብሎ ትሪያምሲኖሎን ቢወጋስ? ሁለት ወር ያህል ሰውነቱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሕመሙ አንድ፣ ቤተሰቡ አንድ፣ የእገዳው ሰዓት ግን አሥራ ሁለት እጥፍ ሆነበት ማለት ነው።

ይህ ስም በጎረቤት ኬንያ ትልቅ ጣጣ አስከትሏል። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2021 የቦስተን ማራቶንን ያሸነፈችው ዲያና ኪፕዮኬይ ከተመረመረው ናሙናዋ የተገኘው የትሪያምሲኖሎን ቅሪት ነበር። ምርመራውን ለማሳሳት መሞከሯም ተጨምሮበት እ.ኤ.አ በ2022 መጨረሻ የ6 ዓመት ቅጣት ተጣለባት። ድሉም ለአገሯ ልጅ ለኤድና ኪፕላጋት ተሰጠ።

እግር ኳሱም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። እ.ኤ.አ በ2006 ጣሊያንን እየመራ የዓለም ዋንጫን ያነሳው ፋቢዮ ካናቫሮ በ2009 ለጁቬንቱስ ሲጫወት ነፍሳት ነድፎት ኮርቲሶን ያለበት መድኃኒት ተሰጠው። ከጨዋታ በኋላ በተደረገው ምርመራ መድኃኒቱ ተገኘና ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሕክምና መሆኑ ታምኖበት ያለቅጣት ተለቀቀ፤ ስሙ ግን ለቀናት በጋዜጦች ሲብጠለጠል ከረመ። ንብ በሚረባበት በአዊ ምድርም መነደፍ ብርቅ አይደለም። ነፍስ አድን ሕክምና ለኳስ ተብሎ አይቀርም። ዋናው ነገር ምን እንደተሰጠ ወረቀት ላይ መስፈሩ ነው። ለድንገተኛ ሕክምና የአጠቃቀም ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ማመልከት ይቻላልና።

እዚህ ላይ ሌላ አደጋ አለ። ምርመራ ፈርቶ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ! ስቴሮይድ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሲወሰድ የሰውነት ዕጢዎች ኮርቲሶል ማምረቱን ለክኒኑ ትተው ያርፋሉ። ክኒኑ በድንገት ሲቆም ዕጢዎቹ ቶሎ አይነቁም። ድካም፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መውረድ ይከተላል፤ ሲብስ ሕይወት ያሳጣል። ስለዚህ ማቆምም ሆነ መቀየር በሐኪም እጅ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ሕመሙ መድኃኒቱን የግድ ካለ መንገዱ የሕክምና ፈቃድ መጠየቅ ነው፤ በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚመለከተው የፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣኑን ነው።

ለአስም ሕመምተኛ ደግሞ የምስራች አለ። በታዘዘለት መጠን በአፍ የሚሳብ እንደ ቡዴሶናይድ ያለ ስቴሮይድ አልተከለከለም። በቆዳ ላይ የሚቀባውም እንደዚሁ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሚያውቃቸው ፖል ስኮልስና ዴቪድ ቤካም አስም እያለባቸው ነው ዋንጫ በዋንጫ የሆኑት።

እንግዲህ የእንጅባራውም ሆነ የዳንግላው ተጫዋች ክንዱን ለመርፌ ከመዘርጋቱ በፊት «ኳስ ተጫዋች ነኝ» ይበል። የመድኃኒቱን ስም፣ የት እንደሚወጋና መጠኑን በጽሑፍ ይቀበል፤ ቀኑንም ይመዝግብ። መድኃኒት ቤቱ «ይሄ የለም፣ በዚህ ልቀይርልህ» ሲለው ደግሞ ወደ ሐኪሙ ተመልሶ ይጠይቅ። አሰልጣኙና ወጌሻውም ይህን ወረቀት ከመታወቂያው ጋር ቢይዙለት ይበጃል። ናሙና ሲሰጥ «ስቴሮይድ መሆኑን አላውቅም ነበር» ማለት ብቻውን ከቅጣት አያድንምና።