የአጥንት መሳሳት ሕክምና በአፉላ፦ ወጪውና ጥቅሙ ሲመዘን

በ1984 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ጎልማሳ ሆነው ከኢትዮጵያ እስራኤል የገቡ እናቶችና አባቶች ዛሬ ሸምግለዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአፉላ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሁሉም ያወራል፤ ስለ አጥንት መሳሳት ግን ወሬው ጥቂት ነው። በሽታው ስብራት እስኪመጣ ድረስ አያምም። የጀርባ አጥንት ሲደቅም እንኳ ሰውየው «ወገቤን» ይላል፣ ጎበጥ ይላል፣ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል።

ትልቁ ወጪ የዳሌ ስብራት ነው። ከአምስት አረጋውያን አንዱ ገደማ ዳሌው በተሰበረ በዓመቱ ውስጥ ይሞታል፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ድሮው አይራመዱም። በ1924 በዔን ሐሮድ ተመሥርቶ በ1930 ወደ አፉላ የመጣው የሃዔሜቅ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን ይሠራል፣ ኩፓት ሆሊምም (የጤና መድኅን ድርጅቱ) ይከፍላል። ቤት ከተገባ በኋላ ያለውን ሸክም ግን ማንም በደረሰኝ አይቆጥረውም። ቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን ተቋሙ) የረዳት ሰዓት ቢሰጥም፣ ከዚያ የተረፈውን ቀንና ሌሊት የምትሸፍነው አብዛኛውን ጊዜ ሥራዋን ያጎደለች ልጅ ናት።

መድኃኒቱስ? አሌንድሮኔት በሳምንት አንድ ፍሬ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ነው። በ1996 በታተመ ታዋቂ ጥናት፣ ቀድሞ የጀርባ አጥንታቸው ተሰብሮ ከነበረ ሴቶች መካከል ክኒኑን ሳይወስዱ ሦስት ዓመት ገደማ ከቆዩት 15 በመቶው አዲስ የጀርባ ስብራት ሲደርስባቸው፣ ከወሰዱት ግን 8 በመቶው ብቻ ነበሩ። የዳሌ ስብራት ከ2.2 ወደ 1.1 በመቶ ወረደ። አንድ የጀርባ ስብራት ለማስቀረት 14 ያህል ሴቶችን፣ አንድ የዳሌ ስብራት ለማስቀረት ደግሞ 90 ያህል ማከም ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለተሰበረ ሰው ይህ በጣም ጥሩ ዋጋ ነው። አጥንቱ በትንሹ ብቻ ለሳሳና ተሰብሮ ለማያውቅ የሃምሳ ዓመት ሰው ግን ጥቅሙ ያንሳል፤ እሱን በክኒን ማስቸኮል ተገቢ አይመስለኝም።

ጉዳትም አለው። ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ አልፎ አልፎ የጭን አጥንት ያልተለመደ ስብራት ወይም የመንጋጋ አጥንት መሞት ያስከትላል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከአምስት ዓመት በኋላ ዕረፍት መስጠት ይቻል እንደሆነ ያያሉ። ሌላው መድኃኒት፣ በየስድስት ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ፣ ለየት ይላል፤ በራስ ፈቃድ ከተቋረጠ የጀርባ አጥንቶች በተከታታይ ሊሰበሩ ይችላሉ። የአገር ቤት ጉዞ ያቀዱ አረጋውያን ይህን አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

የእኛ ሰዎች የተለየ ጉዳይ ቫይታሚን ዲ ነው። ጎንደር ደጋ ላይ ከብት ስትጠብቅ፣ ውኃ ስትቀዳ የኖረች እናት ከፀሐይ የምታገኘውን፣ አፉላ ፎቅ ላይ ተሸፋፍና ስትውል አታገኘውም፤ ጥቁር ቆዳም ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶችም በኢትዮጵያውያን መካከል እጥረቱ የተስፋፋ መሆኑን አሳይተዋል። በ2022 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ቫይታሚን ዲ እጥረት ለሌለበት ጤነኛ ሰው ስብራት እንደማይቀንስ ቢያሳይም፣ ውጤቱ እጥረት ላለባት እናታችን አይሠራም። እጥረቱ ሳይሞላ ኃይለኛ የአጥንት መሳሳት መርፌ ቢሰጣት እንዲያውም የደሟ ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

መመርመሪያውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአጥንት ጥግግት ውጤት የሚለካው ከወጣት ነጭ አሜሪካውያን ሴቶች አማካይ አንጻር ነው፤ ከዚያ አማካይ በ2.5 መደበኛ ልዩነት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ በሽታ ይባላል። በዚያ ላይ የስብራት አደጋ ሲሰላ ዕድሜ ዋና መነሻ ነው፤ የብዙ ሽማግሌዎቻችን የልደት ዓመት ግን ሲገቡ በግምት የተመዘገበ ነው። ሐኪሙ ይህን እንዲያውቅ ንገሩት።

በእኔ ዕይታ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተዘነጋው ሕክምና ማስረዳት ነው። ክኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ፣ ቡናም ምግብም ሳይቀምሱ መቆየት ያስፈልጋል። ይህ በዕብራይስጥ በጥድፊያ የተነገራት እናት ጉሮሮዋ ሲቃጠል ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ትተወዋለች፤ ለዚያ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ይባክናል። የጤና ሚኒስቴር በአማርኛ የስልክ ትርጉም አገልግሎት አለውና ጠይቁ።

እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከቆሙበት ወድቀው አጥንት ከተሰበሩ፣ ከሆስፒታል ሳይወጡ «ለአጥንት መሳሳቱስ ሕክምና ተጀመረ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።