የካርታ ምትሃት በምን ይመዘናል?

አዲስ የካርታ ምትሃት ያየ ጀማሪ ቶሎ የሚጠይቀው «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ነው። ሰው ፊት የሚቆም ባለሙያ ግን ሌላ ነገር ያስቀድማል፤ ተመልካቹ ማታ ቤቱ ሲገባ ያየውን በአንድ ትንፋሽ ማውራት ይችላል ወይ? ታሪኩ ከተወሳሰበበት ምትሃቱ ያኔውኑ ተረስቷል።

አሜሪካዊው ፖል ከሪ በ1942 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «አውት ኦፍ ዚስ ወርልድ» በዚህ እንመዝነው። ካርታው ተደፍቶ ይታደላል። ተመልካቹ ፊቱን ሳያይ፣ ልቡ እንደነገረው፣ «ይሄ ቀይ፣ ይሄ ጥቁር» እያለ ይለያል። ሲገለጥ ቀዩ ሁሉ ከቀይ፣ ጥቁሩ ሁሉ ከጥቁር ጋር ነው። አለቀ፤ ልጅም ያወራዋል። 52ቱን ካርታ በጭፍን 26 ለ26 ከፍሎ አንድም ሳይስቱ የመለየት ዕድል ከ495 ትሪሊዮን አንድ ገደማ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። አንዲት ሴት ካርታውን ቀዩ ላይ ልታኖር እጇን ዘርግታ፣ «አይ፣ ቆይ፣ ይሄስ ጥቁር ነው» ብላ ስትመልሰው አስቡት። ፍጻሜው ላይ የምትደነግጠው በምትሃተኛው ጣት ሳይሆን በራሷ ውሳኔ ነው። የብዙ ካርታ ምትሃት ድክመት ተመልካቹ «እጁ ፈጣን ነው» ብሎ ማለፉ ነው፤ እዚህ ግን የሚጠረጠረው እጅ የራሱ የተመልካቹ ነው። በዚያ ላይ የጣት ቅልጥፍና ብዙም አይጠይቅም።

ጉድለትም አለው። ለአንድ ካርታ ሦስት ሰከንድ ቢወስድ እንኳ 52ቱን መለየት ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያልፋል፤ ዳር የተቀመጠው ሰው ስልኩን ያወጣል። ብዙዎች የካርታውን ቁጥር የሚቀንሱት ለዚህ ነው፤ ትክክል ናቸው። ተመልካቹን ማጣደፍ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ያ ማመንታት ከጠፋ የሚቀረው ካርታ መደርደር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ዝግጅት ነው። ምስጢሩን እዚህ አልገልጥም፤ ካርታው ግን አስቀድሞ መሰናዳት አለበት። አንዴ ከተበወዘ ወዲያው መድገም አይቻልም።

ስለዚህ ሠርግ ላይ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለሚያሳይ ሰው አልመክረውም። ስድስት ሰባት ሰው ተጠጋግቶ ለተቀመጠበት ሳሎን ግን ከዚህ የተሻለ የካርታ ምትሃት አላውቅም።