ጎን ሰጥቶ መውረድ

በደሴ የጦሳን ተራራ ተሻግሮ የገራዶን ሜዳ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ከሜዳው የሚነሳው ሙቅ አየር ተሸክሞት ክንፉን ሳያርገበግብ ሽቅብ የሚወጣ ጥንብ አንሳ አያጣም። አወጣጡን ሁሉም ያደንቃል፤ አወራረዱን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ሊያርፍ ሲል እግሮቹን ያንጠለጥላል፤ ንፋሱ እግሩን ሲገፋው ያለ ችኮላ ቁልቁል ይወርዳል። ኮሊን ፔኒኩዊክ የተባለው ሳይንቲስት እነዚህን አሞራዎች በሴሬንጌቲ ሰማይ ላይ በሞተር ግላይደር ተከትሎ አጥንቷቸዋል።

እንደ አሞራው ሁሉ፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን፣ ማለትም ግላይደር፣ ከ1 ሺህ ሜትር ከፍታ 30፣ አንዳንዱም 40 ኪሎ ሜትር ይንሳፈፋል። ማረፊያው ሲደርስ ታዲያ ይኸው ጥሩ ጠባዩ ጣጣ ይሆናል፤ አልወርድም ይላል።

«አፍንጫውን መድፋት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ይህ አጉል እምነት ብዙ ጀማሪ አሳስቷል። ሲደፋ ከፍታው ወደ ፍጥነት ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። መሬት ሲቃረብ ያ ፍጥነት መልሶ ያንሳፍፈዋል፤ ሜዳው ያልቃል፣ አጥሩ ይመጣል። ጉልበቱ የግድ መባከን አለበት።

የሚያባክነው ስሊፕ ነው። አብራሪው መሪውን ወደ ግራ ገፍቶ የቀኝ ፔዳሉን ይረግጣል። የግራ ክንፍ ዝቅ፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ዞር ይላል፤ ግላይደሩ ንፋሱን በጎኑ እየተቀበለ፣ ፍጥነት ሳይጨምር ቁልቁል ይወርዳል። በመስታወቱ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ክር አለች፤ በደህናው ጊዜ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ የምትተኛው አሁን ወደ ቀኝ ትጋደማለች። የፍጥነት መለኪያው በዚህ ሰዓት ሊሳሳት ስለሚችል፣ ብልህ አብራሪ ዓይኑን ከአድማሱ አይነቅልም።

በ1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ደሴ በከተሙ ጊዜ፣ የዘመኑ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ለማረፊያ ከክንፍ የሚዘረጋ ፍላፕ ስላልነበራቸው ስሊፕ የዘወትር ሥራ ነበር። ዛሬ ከክንፍ ላይ ብቅ የሚል የአየር ፍሬን መጣና ስሊፕን የሚንቁ አብራሪዎች በዙ። ፍሬኑ አልከፈት ያለ ዕለት ምን ሊውጣቸው ነው?

ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. በካናዳ ሰማይ ላይ አንድ ቦይንግ 767 ነዳጁ አለቀበት፤ ሲቀዳ ኪሎግራሙ ከፓውንድ ጋር ተምታቶ ነበር። ካፒቴን ቦብ ፒርሰን የግላይደር ልምድ ነበረው። ጊምሊ የተባለው አሮጌ የጦር ማረፊያ ሲደርስ ከፍታው ስለበዛበት፣ ያን ግዙፍ አውሮፕላን በስሊፕ አወረደው። ከተሳፈሩት 69 ሰዎች የሞተ የለም። አውሮፕላኑም ተጠግኖ እስከ 2000 ዓ.ም. ሲበር ቆይቷል።