አራተኛው ፊልትሮ

ቺሮ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ገብታችሁ «የናፍጣ ሞተር ስንት ፊልትሮ አለው?» ብትሉ ሦስት ጣት ይወጣላችኋል፦ የዘይት፣ የናፍጣ፣ የአየር። መልሱ አይነቀፍም። በቺሮ መንገድ የሚመላለሰው አብዛኛው መኪና፣ አይሱዙም ሆነ ሲኖትራክ፣ ከፋብሪካ ይዞ የሚመጣው እነዚህኑ ነው። የከሚንስ ሞተር ወይም ትልልቅ ቮልቮ የፈታ መካኒክ ግን አራተኛ ጣት ይጨምራል፤ የሞተር ውሃ ፊልትሮ። እኔ ደግሞ ለምዕራብ ሐረርጌ ከባድ መኪና ከአራቱ በጣም የተናቀው እሱ ነው እላለሁ።

መንገዱን የሚያውቅ ምክንያቱን ይገምታል። ባቡሩ ሚኤሶ ላይ ሜዳ ሜዳውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። ሲሚንቶውን፣ ዱቄቱንና ነዳጁን ጭኖ የጨርጨርን ተራራ መውጣት ያለበት የጭነት መኪና ነው። ቺሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ገደማ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ መፍያውን ወደ 115 ያደርሰዋል፤ ክዳኑ ከላላ ግን ዳገቱ ላይ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። ጫት የጫነ አይሱዙ «አል-ቃይዳ» እስኪባል ድረስ በሚበርበት አገር፣ ኮፈን ከፍቶ ጄሪካን የሚፈልግ ረዳት ብርቅ አይደለም።

ፊልትሮው ሲያዩት የዘይት ፊልትሮ ይመስላል፤ በጥርስ የሚታሰር ቆርቆሮ፣ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት። ልዩነቱ ውሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ አለማለፉ ነው። ፖምፓው ከሚገፋው ውስጥ ጥቂቱ ብቻ በጎን ይገባበትና ይመለሳል። ውሃው ያለማቋረጥ ስለሚዞር ውሎ አድሮ ሁሉም ይደርሰዋል። ፊልትሮው ጥርቅም ብሎ ቢደፈን እንኳ ሞተሩ ውሃ አይቋረጥበትም፤ ስለዚህ «ዘግቶ ሞተር ያስነክሳል» የሚለው ፍርሃት በትክክል ለተገጠመ ፊልትሮ አይሠራም።

የሚይዘው ዝገት፣ የጎማ ቱቦ ፍርፋሪ፣ የጓርኒሲዮን ማጣበቂያ፣ የሞተሩ ብረት ቀልጦ ሲቀረጽ ከአሸዋ ቅርጹ የተረፈ ደቃቅ ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። ከ2003 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ድረስ በወጡት የፎርድ 6.0 ሊትር ናፍጣ ፒክአፖች የዘይት ማቀዝቀዣው ቀጫጭን መተላለፊያ እየተደፈነ አሜሪካኖችን አስመርሮ ነበር። የቅርጹ አሸዋ አንዱ ተጠርጣሪ ስለነበር ብዙ ባለንብረት ከገዛ ኪሱ አውጥቶ የውሃ ፊልትሮ አስገጠመ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። ሂርና ላይ አንድ መካኒክ ተጨማሪ ከተገጠመለት መኪና ያገለገለ ፊልትሮ ፈትቶ በሴጌቶ ቆረጠልኝ። ወረቀቱ እጥፋት መሐል ቡናማ ጭቃ ሞልቷል። በጣቴ ሳሸው እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ደርቆ ማግኔት ሲጠጋው ጥቁሩ ብናኝ ተነሣ፣ ነጫጭ ቅርፊቶች ወረቀቱ ላይ ቀሩ። ነጩ ላይ ሎሚ ጠብ አደረግንበትና አረፋ አወጣ፤ ኖራ ነው ማለት ነው። ይኼኔ ረዳቱ ልጅ ደስ ብሎት «ጋሼ፣ ካልሲየሙንም ይዞታል እኮ! እንግዲህ ከየትም ብንቀዳ ምን ችግር አለ?» አለኝ።

ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ እምነት። ፊልትሮ ያስገጠሙ ሰዎች ከማያስገጥሙት ይልቅ በውሃ ሲቀልዱ አያለሁ፤ «አለው እኮ!» እያሉ ከየቦዩ ይጨምራሉ። ልጁ ያየው ነጭ ከውሃው የተያዘ ኖራ አይደለም። አስቀድሞ ካሚቻውና ቴስታታው ላይ ጋግሮ የነበረ፣ ኋላ ተልጦ የወደቀ ቅርፊት ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ ኖራ በፊልትሮ ወረቀት ያልፋል። ጀበና አፍ ላይ የሚወተፈው ጭራ አተላውን እንጂ የቡናውን ጥቁረት መቼ አስቀርቶ ያውቃል?

የሟሟው ኖራ የሚጠብቀው ሙቀት ነው። ውሃው ሲግል በውስጡ ያለው ጋዝ ይለቅና ኖራው ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል፤ የሚቀመጠውም የትም ሳይሆን በጣም በሚግለው ቦታ፣ በጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ዙሪያና በካሚቻው አናት ላይ ነው። ኖራ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከብረት ከ20 ጊዜ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ራዲያተሩ ንጹሕ፣ ቬንትሌተሩ ደህና፣ ፊልትሮው አዲስ ሆኖ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል።

ሒሳቡን እንሥራ። በሊትር 400 ሚሊግራም ኖራ ያለው ውሃ ጠንካራ ነው፣ ግን የማይገኝ አይደለም። ውሃው እየተነነ የሚጎድልበት መኪና በቀን 5 ሊትር ቢጨመርለት በቀን 2 ግራም ኖራ ይገባል። ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ኖራው ይቀራል። በ300 የሥራ ቀን 600 ግራም ይሆናል፤ ከግማሽ ኪሎ በላይ ድንጋይ በሞተር ሆድ ውስጥ! በሐረርጌ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ጥሬ ዕቃው እዚያው ስለነበረ ነው፤ የድሬ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭም የዚያው ዘመድ ነው። የጨርጨር ምንጮች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ሳሙና አልያዝ የሚልን ውሃ ግን ሞተር ውስጥ አትጨምሩ።

ታዲያ ምን ይጨመር? ኩላንት፣ ከንጹሕ የተጣራ ውሃ ጋር። «አንቲፍሪዝ የብርድ አገር ነው» የምትሉ፣ ስሙ አሳስቷችኋል፤ ዋናው ጥቅሙ ለእኛ ዝገት መከላከሉና መፍያውን ከፍ ማድረጉ ነው። የተጣራ ውሃ ባትሪ ቤት ይገኛል፤ አሲዱን እንዳትቀዱ ብቻ። እሱም ከጠፋ፣ ጣሪያው ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከየትኛውም የኖራ ምንጭ ይሻላል።

ስለ ካሚቻም ላንሣ። አይሱዙ ኤንፒአርን በመሰሉ ሞተሮች ካሚቻው ደረቅ ነው፣ ውሃ አይነካውም። እንደ ኢቬኮ ኩርሶር ባሉት ግን ጀርባው ውሃ ውስጥ ነው። ፒስቶኑ ሲመታው ካሚቻው ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ውስጥ ደቃቅ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ሲከስም ብረቱን ይበሳዋል። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሌይ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አረፋው ሲከስም የሚፈጠረውን ግፊት አስልቶ አሳይቷል፤ ያኔ የሚያሳስበው የመርከብ ፕሮፔለር ነበር። ጉዳቱን የሚገታው ኩላንት ውስጥ ያለው ናይትራይትን የመሰለ ኬሚካል እንጂ ወረቀት አይደለም። አንዳንድ ፊልትሮ ኬሚካሉን በውስጡ ይዞ ይሸጣል፤ ኩላንታችሁ የራሱ ካለው ባዶውን ግዙ። ኬሚካል ሲበዛ ዝልግልግ ሆኖ ራዲያተር ይደፍናል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ጋቢና ማሞቂያው የማይነካ መኪና መንገዱ ተዘጋጅቶለታል፦ ከሞተሩ የሚወጣው የማሞቂያ ቱቦ ግፊት አለው፣ የሚመለሰው ወደ ፖምፓው መሳቢያ ይገባል። በሁለቱ መሐል በጎን ቅርንጫፍ አውጡ፣ ከሁለቱም ወገን መክፈቻና መዝጊያ አድርጉ፣ ፍሰቱን 3 ሚሊሜትር በሚያህል ቀዳዳ ወስኑ። የፊልትሮውን እግር ሻሲው ላይ እሰሩት፤ ሞተሩ ላይ ካሰራችሁት ንዝረቱ ይሰብረዋል። ቱቦውን በደህና ፋሼታ አጥብቁ። ሞተሩ ሲሞቅ ቆርቆሮውን ዳስሱ። ሞተሩ ግሎ ፊልትሮው ከቀዘቀዘ ውሃ አይዞርበትም፤ አየር ይዟል ወይም ተደፍኗል።

ሁለት ቁጣ ብቻ ይፈቀድልኝ። የዘይት ፊልትሮ በውሃ ቦታ የምትገጥሙ ተዉ፤ ወረቀቱና ማጣበቂያው ለፍል ውሃ አልተሠራም፣ ተቦጫጭቆ እናንተው ቆሻሻ ትጨምራላችሁ። ሁለተኛው ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። ብዙ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የአቋራጩን መተላለፊያም ይዘጋል፤ ሲወጣ ግን ፍሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል፣ ዳገት ላይ ይብስበታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ፒስቶኑ ካሚቻውን አብዝቶ ይመታል።

የመጀመሪያውን ፊልትሮ ቶሎ ቀይሩት፣ የቆየ ቆሻሻ ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚወድቀው። ከዚያ በዘይት ቅያሪ ልክ ይበቃል። አሮጌውን ሳትቆርጡ አትጣሉ። ዝገት ከበዛ ኩላንቱ አርጅቷልና ለውጡት፤ የጎማ ፍርፋሪ ካያችሁ ቱቦዎቹን ፈትሹ፤ ሎሚ የሚያረፋው ነጭ ካገኛችሁ ውሃ የምትቀዱበትን ቦታ ቀይሩ።